ከአሥር አምስት የሰጠሁት ጠላ

ይህ የገጠመኝ አምና ከጥምቀት በኋላ ነው። ዛሬም ጠላ ሲቀርብልኝ አንገቴን እደፋለሁ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አንድ እንግሊዛዊ የአገሩን የገጠር መጠጥ ቤቶች እየዞረ ከአሥር ነጥብ ሲሰጥ በስልኬ አየሁ። «እኔስ ከማን አንሼ?» ብዬ ከቡሬ እስከ አዴት ያሉትን ጠላ ቤቶች መመዘን ጀመርኩ። ውጤቱን ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ። የሰፈራችንን ጠላ ሻጭ «ጌሾ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማችም» ብዬ ጽፌባት፣ ደንበኞቿ ሲስቁባት ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለሁ ባለጌ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሳልፍ አጥር ላይ የተደፋ ጣሳ አየሁ። በእኛ አገር ደጅ ላይ ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው። ገባሁ። ሰዎች ተደርድረው ይጠጣሉ። «ኖር!» ብለው ተነሡልኝ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አንጓች ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ቀድተው ሰጡኝ። መስተንግዶው ጥሩ ነው ብዬ በልቤ ሁለት ነጥብ ጨመርኩ።

ከዚያ ጣሳውን ጨለጥኩና ጮክ ብዬ «ጠላው ቀጥኗል፤ ጋኑም በወጉ አልታጠነም። ከአሥር አምስት!» አልኩ።



ወዲያው ቄስ ገቡ። ሰው ሁሉ ለጸሎት ሲነሣ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አየሁት። የሚካኤል ማኅበር ነው እንጂ ጠላ ቤት አልነበረም። ጣሳው ታጥቦ እንዲደርቅ የተደፋ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጸሎቱ ሲያበቃ የማኅበሩ አለቃ ቀጣዩ ተረኛ መታመሙን ተናገሩ። ጽዋውን ወስዶ በወሩ በቤቱ የሚደግስ ሰው ጠፋ። ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዳችን የጠላ ሊቅ ናቸው። ይቀበሉና እስቲ እኛም እንማር።»

እምቢ ብል ሚካኤልን እምቢ ያልኩ መሰለኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። እልልታው ቀለጠ።

ባለቤቴ ስትሰማ «አዋቂው አንተ አይደለህ? ጥመቀው!» ብላ እጇን አጣጠፈች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጌሾ ወቀጥኩ፣ ብቅል አስፈጨሁ፣ ጋን ሳጥን በጭሱ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ቀኑ ሲደርስ ቀመስኩት። ኮምጣጤ ሆኗል።

ማኅበርተኞቹ መጡ። ፊቱን ያጨማደደ አንድም ሰው የለም። ወይዘሮ አንጓችማ ጣሳቸውን እስከ አተላው ጨለጡት። ነፍስ ዘራሁና አላስችል ብሎኝ «ከአሥር ስንት ይሰጡኛል?» አልኳቸው።

«ለሚካኤል ብዬ ጠጣሁት የኔ ልጅ። ላንተ ብዬማ ላሜንም አላጠጣት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ የለጠፍኩትን ሁሉ አጠፋሁ።

አሁን ማኅበርተኛ ነኝ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ባለቤቴ እንደሆነች እጇን አልፈታችም። ያቺን የሰፈራችንን ጠላ ሻጭ ይቅርታ ጠይቄ፣ የጌሾውን መጠን እንድታሳየኝ ለመንኳት።

«ጌሾ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማሁም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ደጇን እየጠናሁ ነው።