ይሄ ምን ይሸከማል?

የአጎቴ አርባ ትናንት ወጣ። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው የሚያውቃቸው በብየዳቸው ነው፤ እኔ የማስታውሰው ግን መዶሻቸውን ነው።

ከሳዑዲ ተመልሼ በጋራዣቸው በሞተርሳይክል ሞተር የሚሄድ ቀላል የስፖርት መኪና ልሠራ ስነሳ ያልሰደቡኝ ስድብ የለም። የሞተሩን ጉልበት፣ የበሩን ዓይነት፣ የጣሪያውን ቅርጽ የመረጥኩበትን ወረቀት ቀምተው ቀደዱት።

"የሞተርሳይክል ሞተር ይሄን ሁሉ ጓዝ ጭኖ ነው የወግዲን ዳገት የሚወጣው?"

ከዚያ በኋላ የሚመርጠው መዶሻቸው ሆነ። የበየድኩትን ሁሉ በጣታቸው እየጠቆሙ "ይሄ ምን ይሸከማል?" ይሉኛል። መልስ ካጣሁ አንዴ ያሳርፉበትና ብረቱ መሬት ላይ ነው። በሩን ጣሉት፣ ጣሪያውን ጣሉት፣ ከኋላ የለጠፍኩትን ክንፍ ጨፍልቀው ግቢ ወረወሩት። አንድ ቀን በንዴት አንገታቸውን ላንቅ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ከሾፌሩ ጎን ሁለተኛ ወንበር ራሳቸው በየዱ።

"ይሄስ ምን ይሸከማል፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እኔን ነዋ! ንካውና እጅህን ባልሰብረው ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!"

መኪናዋ ሳታልቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡበት ሞቱ።

ትናንት ተዝካር የበላው ሰው ሲበተን ጋራዥ ገባሁ። ባዶውን ወንበር ሳይ ደሜ ፈላ። "ይሄ ምን ይሸከማል?" ብዬ ጮህኩና በመዶሻቸው እጄ እስኪደማ ቀጠቀጥኩት። የእኔ ብየዳ በእርሳቸው አንድ ምት ነበር የሚረግፈው። የመዶሻው እጀታ ለሁለት ተሰበረ። የእርሳቸው ብየዳ ግን ፍንክች አላለም።