በመቀነቴ የያዝኩት ጠርሙስ

ወደ ወልድያ ቤተ ሙከራ ተዛውሬ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን ዶክተሩ ሁለት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አሳዩኝ። በሁለቱም ከአንድ ሰው የተወሰዱ ሕያው የቆዳ ሕዋሳት ነበሩ፤ በአንዱ ካንሰር የያዛቸው፣ በሌላው ጤነኞቹ። የፈሳሽ መምጠጫዋን ቱቦ እያሳዩ «ሁለቱን በአንድ ፒፔት የነካሽ ቀን ተለያየን» አሉኝ።

ሥራችን ናኖ ቅንጣት የሚባለውን፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ የዚንክ ብናኝ፣ በሁለቱም ላይ መሞከር ነበር። የምንፈልገው ካንሰሩን ገድሎ ጤነኛውን የሚተው መጠን ነው። እኔ ቴክኒሺያኗ በየሦስት ቀኑ የሕዋሳቱን ምግብ፣ ያንን ሮዝ ፈሳሽ፣ እቀይራለሁ።

የሕዋሳቱ ባለቤት የመርሳው ገበሬ አቶ ሰይድ ናቸው። ከአንገታቸው ዕጢ ሲወጣላቸው ከዳሩ ጤነኛ ቆዳም ፈቅደው ሰጡን። ወልድያ ገበያ በመጡ ቁጥር ብቅ ይሉና «በሽተኛውና ጤነኛው እንዴት አደሩልሽ?» ይሉኛል።

«ሁለቱም ይበላሉ፣ አባቴ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ይስቃሉ።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያ ሲቃረብ ባልደረቦቼ ከዶክተሩ ጋር ወደ ደሴ ሄዱ። ቀኑ ፈሳሽ የሚቀየርበት ስለነበር «ነገ እከተላችኋለሁ» ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ።

መብራት ጠፋ፤ ሕዋሳቱን የሚያሞቀው ኢንኩቤተር ቀዘቀዘ። የጠርሙሶቹን ክዳን አጥብቄ ሁለቱንም ሆዴ ላይ በመቀነት አሰርኳቸው። የሚፈልጉት የሰው ገላ ሙቀት ነው፤ እሱ አልጠፋም።

የጠፋው ምግቡ ነው። ቀሪውን ፈሳሽ ብለካው ለአንዱ ብቻ ይበቃል። የምናጠናው ካንሰርን አይደል ብዬ ጀርም እንዳይገባ በአልኮል ኩራዝ ነበልባል አጠገብ ለካንሰሩ ብቻ በየጊዜው ቀየርኩለት። ከቀናት በኋላ ሌላውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብይዘው ጤነኞቹ ከወለሉ ለቀው ተንሳፍፈዋል።

የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት የቀረውን ጠርሙስ «እንዴት አደርክ?» እለው ነበር። ከካንሰር ጋር ሰላምታ! ብቸኝነት የማያስደርገው የለም።

ጦርነቱ አልፎ መብራቱም ዶክተሩም ሲመለሱ ዚንኩን በካንሰሩ ላይ ሞከርኩት። በሁለት ቀን አለቀ። «ሠራ!» ብዬ እየሮጥኩ ነገርኳቸው።

«ጤነኛውስ?»

«ሞቷል። ምግቡ አልበቃም።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «በረኪናም ካንሰር ይገድላል፣ እኅቴ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ሰይድ እንደ ልማዳቸው መጥተው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉ፤ «በሽተኛውማ እኔ ሳላበላውም አድጎብኝ ነበር። ማብላት የነበረብሽ ጤነኛውን ነው።» ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «ከዚህ ይወሰዳል?»

እፊታቸው አለቀስኩ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ቦታዬን ለምትይዙት የምለው ይኸው ነው፦ ምግቡ ለአንድ ብቻ ሲበቃ ለጤነኛው ስጡ። ካንሰር ሌላ ቦታም ይገኛል።