የፈታ ይግጠም

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ከታክሲ ወርጄ ወደ እናቴ ቤት ስታጠፍ፣ ከአንድ ሱቅ ጓዳ የተቃጠለ ቬርኒሽ ሽታ መጥቶ አስቆመኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ሳብኩት፣ የአባቴ ሽታ ነውና። አባቴ የተቃጠለ ዲናሞ ፈትቶ፣ የከሰለውን ሽቦ አውጥቶ፣ በአዲስ መዳብ መልሶ ጠቅልሎ ቬርኒሽ የሚቀባ ሰው ነበር። የሰፈሩ ወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሁሉ ሲታመም ወደ እሱ ይመጣ ነበር፣ የሥራ ቦታውም ከምንተኛበት ክፍል የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር ልብሳችንም ሽሯችንም ቬርኒሽ ቬርኒሽ ይሸት ነበር።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፣ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደተሳሳተ ታምናለች። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ ሬዲዮ ገልብጬ እከፍታለሁ፣ የበር እጀታ እፈታለሁ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ከበር ኋላ እገኛለሁ። እናቴ «ይቺ ቀዥቃዣ» እያለች ስታባርረኝ፣ አባቴ በበኩሉ ከመቆጣት ይልቅ አንድ ሕግ አወጣልኝ፣ እሱም የፈታ ይግጠም የሚል ነበር። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው በቲማቲም ጣሳ አስቀምጬ፣ ዕቃውን እንደነበረ መልሼ እስክገጥም ድረስ ምሳ የሚባል ነገር አይቀርብልኝም ነበር።

ልከፍተው ያልቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴና እናቴ ለልጅ የማይነገር ነገር ሲኖራቸው፣ አማርኛቸው እንደ መብራት ድርግም ይልና ጉራጊኛ ይጀምሩ ነበር። እኔ ኮልፌ ተወልጄ ኮልፌ ያደግኩ ነኝ፤ ከሰላምታ በቀር ምንም አልሰማም ነበር። «ምንድን ነው ያላችሁት?» ስል እናቴ «የትልቅ ሰው ወሬ ነው» ትለኝና ትስቃለች፣ እኔም ውስጤን እያሳከከኝ እወጣ ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ነስሩ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣና የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በቤታቸው ሳሎን እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፁ አይሰማም ነበር፣ ስለዚህ እየጮኸ ያስተምረን ነበር። ቃል አሸምድዱ አላለንም። ረጅም ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፍና በጠመኔው ይሰነጥቀዋል፣ «እንግሊዝኛ የለበሰው የተውሶ ልብስ ነው፤ ግማሹ ከግሪክ ግማሹ ከላቲን። ስፌቱን ካወቃችሁት ትተረትሩታላችሁ» ይለን ነበር። ቴሌ ሩቅ፣ ቪዥን ማየት፣ ባዮ ሕይወት፣ ትራንስ ማሻገር። ፋርማሲ ይማር ስለነበር በተለይ የሰውነት ቃላት ይወድ ነበር፤ ካርዲዮ ልብ፣ ኔፍሮ ኩላሊት፣ ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት። አፔንዴክቶሚን ሁለት ቦታ ሰንጥቆ «በቃ፣ ትርፍ አንጀት ወጣ» ሲለን እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ለካ ቃልም ብሎን አለው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሱቅ ታፔላ፣ ምኑም አልቀረኝም። ለእናቴ ቴሌቪዥን ማለት ሩቅ ማየት መሆኑን ሳስረዳት «እንግዲያው ራቅ ብለሽ እዪው፣ ዓይንሽን ጨረስሽው» አለችኝ። ለአባቴም ዲናሞ የመጣው ኃይል ከሚል የግሪክ ቃል እንደሆነ ስነግረው፣ ሽቦውን ሳያቋርጥ «እሱንማ ግሪክ ሳይነግረኝም አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ይዞኝ ነበር» አለኝ። እንዲህ ይበል እንጂ ደስ ብሎት ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ ጠርቶ «እስቲ ዲናሞን ንገሪያቸው» ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ መስቀልም ደረሰ። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ስንሄድ ከሁሉ ቀድሞ ሻንጣ የሚያነሣው አባቴ ነበር፣ በዚያ ዓመት ግን ጎኑን በእናቴ መቀነት አጥብቆ አስሮ፣ መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሄደ። ከተመለስን በኋላ ቤታችን ውስጥ ጉራጊኛ በዛ። ጉራጊኛ ሲበዛ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት እንደሆነ አውቅ ስለነበር፣ ከቆርቆሮው ጋር ጆሮዬን አጣብቄ ያልገባኝን ሁሉ እሰማ ነበር። መስማት ብቻውን ግን ምን ያደርጋል?

ጥር ላይ የእናቴ ወንድም ጋሽ ወልዴ አባቴን ሆስፒታል አስተኛው። ጋሽ ወልዴ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ፣ እንግሊዝኛም የሚሞክር ሰው ነበር። ምሳ ይዘን በሄድንበት ቀን ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ የአባቴን ራስ ተሻግሮ ከጋሽ ወልዴ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። አባቴ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ዓይኑን ያመላልስ ነበር። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከበር ኋላ ስቆም የእኔ ፊት ነው። ሐኪሙ ኔፍሬክቶሚ የምትል ቃል ሲያነሣ ቃሏ ጭንቅላቴ ውስጥ ለሁለት ተሰነጠቀች። ጋሽ ወልዴ ወደ አባቴ ዞሮ «ያው ጎንህ ውስጥ ያለችውን ጠጠር ነው የሚያወጡልህ፤ ቀላል ናት» አለው።

በእኛ ቤት ሕመምተኛ ሕመሙ አይነገረውም። ጋሽ ወልዴ «ሰውን የሚገድለው ሕመሙ አይደለም፣ ወሬው ነው» ይላል፣ እናቴም በዚህ ትስማማ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ፊቴን አይታ ማወቄን ስለጠረጠረች ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «አፍሽን ያዢ፣ ልቡን እንዳትሰብሪው» አለችኝ። ያዝኩት። አባቴ ተራህ እስኪደርስ ቤትህ ጠብቅ ተብሎ ሲመለስም እንደያዝኩት ነበር፤ እህል ግን አልወርድ አለኝ፣ አባቴ ሊሞት ነው ብዬ አምኜ ነበርና።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደ ሥራ ቦታው ጠራኝ። ከፊቱ ከባድ የወፍጮ ሞተር ተፈትቶ ተቀምጧል።

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?» አለኝ።

«ጋሽ ወልዴ ነግሮህ የለ እንዴ፣ አባዬ?»

«ወልዴ የነገረኝን አልጠየቅኩሽም። ቃል ሲፈታ ዓይንሽ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ ምኑ እንደጎደለ ሳላውቅ ሞተር ዘግቼ አላውቅም፤ የራሴንስ እንዴት ልዘጋ?»

የእናቴ ቁንጥጫ ክንዴ ላይ እንደ አዲስ አመመኝ። ከዚያ ግን ፊቱን አየሁት፣ ያው ከበር ኋላ ስቆም የእኔ ፊት ነበር።

«ኔፍሮ ኩላሊት ነው» አልኩት። «ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት።»

«እሺ። ፈታሻት። አሁን ግጠሚያት።»

እንባዬ ቀደመኝ፣ እሱ ግን ጠበቀኝ። «አንዱን ኩላሊትህን ሊያወጡት ነው» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጎኑን ዳበስ አደረገና «ሁለት አይደል የሰጠን? ፈጣሪ መለዋወጫ ጨምሮ ነው የሚልከን» አለኝ። ከዚያ የወፍጮውን ሞተር ራሱ እንደማያነሣው ተናግሮ ለጎረቤቱ ባለሙያ አስረከበና እኔን ምሳ ብዪ አለኝ። ያን ቀን በላሁ።

ማወቁን ለማንም አልተናገረም። ጋሽ ወልዴ እየመጣ «ያቺ ጠጠር» ሲል፣ አባቴ «አዎ፣ ያቺ ጠጠር» እያለ ከጀርባው በኩል ይጠቅሰኝ ነበር። እናቴ የምትደብቀው ለእሱ ስትል ነበር፣ እሱም የሚደብቃት ለእሷ ሲል፤ እኔ በሁለቱ መሃል ስንቆራጠጥ ጾሙ ገብቶ ወጣ።

ከፋሲካ በኋላ ተራው ደረሰ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱት በኮሪደሩ በሮች ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየሰነጠቅኩ አነብ ነበር፤ ካርዲዮሎጂ፣ ራዲዮሎጂ፣ ምንም የሚዘጋኝ አልነበረም። የመጨረሻው በር ጋ ስንደርስ አባቴ የእናቴን እጅ ይዞ አንድ ነገር በጉራጊኛ ነገራት። ረጅም አልነበረም። እናቴ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ በሩም ተዘጋ። ምን እንዳላት ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ የተለመደው «የትልቅ ሰው ወሬ ነው» ነበር።

አባቴ በአንድ ኩላሊት ብዙ ዲናሞ ጠቅልሎ፣ እኔን ድሮ፣ የልጄን ስም አውጥቶ ነው ያረፈው። እኔም አስኮ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እንደ ነስሩ በጠመኔ እሰነጥቃለሁ፣ የሰነጠቀውን ተማሪም ግጠም እላለሁ። ባሕር ማዶ የሞቱ ሰዎችን ቋንቋ በቁርጥራጭ ለቅሜ ስኖርበት፣ የቤቴን ቋንቋ ሳልማር መቅረቴ ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ አገኘኋትና ያን ቀን በሩ ላይ ምን እንዳላት እንደገና ጠየቅኳት። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፣ አማርኛውን ፈለገች፣ ተወችው። «በአማርኛ አይሆንም» አለችኝ። «እንግዲያው እንዳለው በዪው» አልኳት። አለችው፣ ሙሉውን፣ ነጠላዋንም እንደዚያን ቀን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ከልማዴ ስፌቱን መፈለግ ስጀምር «አትፍቺው፣ ዝም ብለሽ ያዢው» አለችኝ።

ወደ አስኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ እንዳይጠፋኝ በሹክሹክታ ደጋገምኩት። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሰምተውኝ ኖሮ ዞር ብለው አዩኝና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ልክ እንደ እናቴ። «እማማ፣ ምን ማለት ነው?» ልል ስል «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ። ልጅ ብሆን ኖሮ ዘልዬ ተከትያቸው እወርድ ነበር። አሁን ግን ታክሲው ሲነሣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩና፣ ያልገባኝን ቃል ሙሉውን እንደነበረ አንድ ጊዜ ደገምኩት።