ቁጥር አሥራ አንድ

አንኮበር ወረዳ በመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛነት ስቀጠር ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ የተበላሹ ሬዲዮዎችን እየፈታሁ የለመድኩት ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ማዕከል በየጠዋቱ ይጠራናል። መሥሪያ ቤቶቹ በስም አይጠሩም፤ ቁጥር አላቸው። አራት የአውራጃው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሰባት የእኛ ጤና ጣቢያ። ጠያቂው መጀመሪያ የራሱን ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚጠይቀውን መሥሪያ ቤት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የሚፈልገውን ይናገራል፤ «ቀይር» ካለ ተራው የሌላው ነው። መድኃኒቱ ከየትኛው መጋዘን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚጭነው ማወቅ አያስፈልገንም ነበር። በደንቡ ከጠየቅን ይመጣል። ይህ አሠራር ደስ ይለኝ ነበር። የመጣ ጥያቄ ሳይመለስ ግን የራስህ አይተላለፍም።

አንድ ጠዋት ጭጋጉ በሩ ድረስ ገብቶ ሳለ የጤና ረዳቱ የኩፍኝ ክትባት ሊያስጠይቅ መጣ። ቆላው ውስጥ ሕፃናት እየሞቱ ነበር። ገና ሳልናገር ማዕከሉ ቀደመኝ።

«ከአሥራ አንድ ለሰባት። የጤና ረዳቱ ነገ የት ይገኛል? ቀይር።»

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ማን ነው? ሰምቼው አላውቅም» አልኩት የጤና ረዳቱን።

«ደመወዝ ሊጨምሩልኝ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ።

ደንቡ ባይፈቅድም አሥራ አንድ ማን እንደሆነ ማዕከሉን ጠየቅሁ። እዚያ ያለው ሰው ቀልደኛ ነበር፤ «አንኮበሮች፣ ብርዱ አልጨረሳችሁም?» ሳይል ሥራ አይጀምርም። አሁን ግን ሳይቀልድ፣ «አስተላልፍ ተብዬ ነው። መልስ ስጥ። ቀይር» አለኝ።

የጤና ረዳቱ ሳቁን ተወ። ታናሽ ወንድሙ ደብረ ብርሃን ላይ ታስሮ ደብዛው መጥፋቱን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ቁልቁለቱን ይውረዱ። ከአልዩ አምባ ወዲያ የሚያገኝዎት የለም። እኔ መስመሩ ተቋረጠ እላለሁ።»

«ክትባቱስ?»

እጄን ከመናገሪያው ላይ አነሳሁ።

«በል፣ ነገ ጤና ጣቢያው ይገኛል በላቸው።»

እንዳለኝ መለስኩ። ወዲያው የእሱን የክትባት ጥያቄ አስተላለፍኩ፤ አራትም ተቀበለ።

በማግሥቱ መኪናው መጣ። ክትባቱ ያለበት የበረዶ ሳጥን ከኋላ ተጭኗል፤ ከፊት ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ሳጥኑን የጤና ረዳቱ ራሱ አወረደው። «ፀሐይ እንዳያገኘው» አለኝና ኮቱን ደርቦ መኪናው ውስጥ ገባ።

በሚቀጥለው ጠዋት ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ክትባቱን የሚወጋ ሰው ይላክልን ልል አፌን ስከፍት ማዕከሉ ቀደመኝ። ስለ ብርዱ አልጠየቀም።

«ከአሥራ አንድ ለሰባት። የሬዲዮ ሠራተኛው ነገ የት ይገኛል? ቀይር።»

የራሴ ጥያቄ የሚተላለፈው ይህን ከመለስኩ በኋላ ነው።