ወደ ግራ የሚዞረው ሙዳይ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ተማሪው ወደየቤተሰቡ ሲበተን፣ እኔ አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎንደር መናኸሪያ በደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዋጋው ሠላሳ አምስት ብር ነበር። ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ አላስጭንም ስላልኩት ረዳቱ «ምን ይዘህ ነው?» ብሎ አምስት ብር ጨመረብኝ። የያዝኩት ጭብጥ የምታህል አንዲት የሣር ሙዳይ ነበር።

ስፌት እሰፋለሁ። ትምህርቴ ባዮሎጂ ነው፤ ስፌት ግን ልጅ ሳለሁ እግሬ ተሰብሮ በተኛሁበት ወራት ጎረቤታችን ያስተማሩኝና እስካሁን ያልተውኩት ነገር ነው። ወንድ ልጅ ወስፌ ይዞ ሲታይ ሰው የሚለውን ስለማውቅ የምሰፋው በር ዘግቼ ነው። ይህችን ሙዳይ ጎንደር ገበያ ስገዛት ሁለት ነገር አስገረመኝ። አንደኛው፣ በውጭ ቀይና አረንጓዴ ጌጥ እያላት ውስጧ ንጹሕ ነጭ ነው፤ እኔ ስሰፋ ግን በውጭ ቀይ የሆነው በውስጥም ቀይ ነው። ሁለተኛው፣ የሣሩ ዙር ከእኔ አሰፋፍ በተቃራኒ ወደ ግራ ይዞራል። የሰፋት ሰው ግራኝ መሆን አለበት። ሻጯ ከደባርቅ ገበያ፣ ወይዘሮ ውዴ ከሚባሉ ሴት እንደገዛቻት ነገረችኝ። የጉዞዬ ዓላማ ሰፊውን አግኝቶ አሰፋፉን መማር ነበር።

ዳባት ላይ

መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ አቧራውን ጠጥተን ጠገብን። ዳባት ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ሻይ ቤት ገብቼ ሻይና ዳቦ አዘዝኩ። አቧራ ገብቶባት እንደሆነ ብዬ ሙዳይዋን ሳወጣ እትዬ በላይነሽ ከእጄ ተቀበሉኝ። አገላበጧት፤ ክዳኗን ከፍተው ውስጧን በጣታቸው ዳሰሱ።

«የግራኝ እጅ ነው» አሉ።

ደስ አለኝ። ከእኔ ሌላ ይህን ያስተዋለ ሰው አላየሁም ነበር።

«ይቺን የመሰለች በቅርብ አይቻለሁ። ወዴት ነው የምትሄድ?»

«ደባርቅ ነው እትዬ። ወይዘሮ ውዴ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ማን እንደሰፋት ልጠይቃቸው ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ሙዳይዋን ቶሎ አልመለሱልኝም። «ስትመለስ እዚህ ውረድ» አሉኝ። «የማን እጅ እንደሆነ ትነግረኛለህ። የነገሩህን አይደለም፤ በዓይንህ ያየኸውን።»

ሰው ሲያዘኝ እሺ ማለት ይቀናኛል፤ እሺ አልኩ። የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አሉኝ። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ለምን እንዳልተቀበሉኝ አሳሰበኝ።

ደባርቅ

ሰባት ሰዓት ላይ ደባርቅ ደረስን። ፀሐይ እያለ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አስጎብኚዎቹ አብረውን ወደ መጡት ሁለት ፈረንጆች ሮጡ፤ ወደ እኔ የመጣ አልነበረም። አልጋ በሠላሳ ብር ያዝኩ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «ስለ ስፌት ልጠይቅ» አልኩት። መታወቂያዬን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። የስፌት ተራው ከነጭ ሽንኩርቱና ከበግ ጠጉሩ አልፎ ነው። ወይዘሮ ውዴ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ሙዳይዋን ሳወጣ ዓይናቸው ከእሷ ይልቅ እኔ ላይ ቆየ።

«ይቺን የሰፋት ማን ነው እትዬ?»

«ለምን ጠየቅህ?»

«አሰፋፉን ልማር።»

«ወንድ ልጅ? ስፌት?» አጠገባቸው ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ማን ልኮህ ነው?»

ማንም አልላከኝም ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያመኑኝ እንደሆነ ብዬ፣ «ዳባት ላይ እትዬ በላይነሽም የማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ሻይም በነፃ ነው ያጠጡኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ውዴ ለሽያጭ የዘረጉትን መሰብሰብ ጀመሩ። ገበያው ገና መሙላቱ ነበር።

«ቤት እንሂድ» አሉኝ። «የበላይነሽ እንግዳ ገበያ መሀል አይቆምም።»

ቤታቸው ከገበያው ብዙ አይርቅም። መደብ ላይ አስቀምጠውኝ ወደ ጓሮ ሄዱ፤ የዶሮ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ከጓዳ ሹክሹክታ መጣ። ለማያውቁት ተማሪ ዶሮ ማረድ ምን ማለት ነው? ጥቂት ቆይታ የሀያ ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ የተጀመረ ስፌት ይዛ ወጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ልጄ ትርንጎ ናት» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «እጇን ከስፌት አታነሣም። ያቺንም የሰፋቻት እሷው ናት።»

ትርንጎ ወስፌውን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው። ሣሩ ደረቅ ስለነበር በሳበችው ቁጥር ቀጭ ይላል። ከአንዲት ድሃ ሴት በርካሽ እየገዙ የራሳችን ነው የሚሉ መሰለኝ፤ ሰዎቹን በልቤ ታዘብኳቸው።

«እህቴ፣ ሣሩ ካልራሰ እኮ ይሰበራል» አልኳት።

«አውቃለሁ። እኔ እንዲህ ነው የለመድኩ» አለችና ወዲያው ጣቷን ወጋች።

በዚህ መሀል አባትየው ገቡ። ጋሼ አዳነ ፓርኩን የሚጠብቁ ስካውት ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ጥግ አስደግፈው ተቀመጡና ሚስታቸው በጆሯቸው የነገሯቸውን ሰሙ። «ስፌት ልማር ነው ካልህ እስቲ አንተ ስፋ» አሉኝ። ሣሩን ውኃ ነክሬ ጥቂት ዙር ሰፋሁ።

«አየህ አዳነ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «በላይነሽ ሙያ የሚያውቅ ሰው መርጣ ነው የላከችብን።»

እጄን ባሳየሁ ቁጥር ነገሩ ባሰብኝ። ጌጡን በውጭ ብቻ ለማውጣት ሞከርኩ፤ ቀዩ ሣር አሁንም ወደ ውስጥ ዘለቀ። ደግሜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ጋሼ አዳነ መታገሥ አቃታቸው። «እንዲህ አይደለም፤ ወዲህ በለው» ብለው ወስፌውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«አዳነ» አሉ ወይዘሮ ውዴ ቀስ ብለው። ጋሼ አዳነ ግን ሦስት ጊዜ ወግተው ስበው፣ ቀዩን በውጭ አስተኝተው ጨርሰዋል።

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ጋሼ አዳነ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ሳሉ የሣር ባርኔጣ እየሰፉ ነበር የሚተዳደሩት። ትርንጎ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ ሙሽራው የእትዬ በላይነሽ ልጅ ነው። ሙሽራይቱ በእጇ የሰፋችው ስፌት በአማቶቿ ቤት ተደርድሮ ይታያል። ትርንጎ መምህራን ኮሌጅ ስትማር ስለኖረች ወስፌ አልያዘችም። ስለዚህ ለሠርጉ የሚቀርቡትን ሃያ ስፌቶች በሙሉ አባቷ ሰፉላት፤ ለእትዬ በላይነሽና ለሽማግሌዎቹ አንዳንዱ ሲታይ ግን የእሷ እጅ ነው ተባለ። የእኔዋ ሙዳይ ለሙከራ የተሠራች ነበረች። ወይዘሮ ውዴ ከምትጣል ብለው ሸጠዋት ኖሯል።

ከእትዬ በላይነሽ ጋር ዝምድና እንደሌለኝ ማልኩላቸው።

«በላይነሽ ለማታውቀው ሰው ሻይ በነፃ አትሰጥም» አሉ ወይዘሮ ውዴ። ዶሮውን ግን በላን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ አዳነ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አስተማሩኝ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ቀለም የተነከረው ሣር ዙሩን አይጠመጥመውም፣ ከላይ ብቻ ይተኛና ነጩ ይይዘዋል። ወይዘሮ ውዴ ከበሩ አልተነሡም። ደብተሬ ላይ በጻፍኩ ቁጥር «ምን አልህ?» ይሉኛል። «ስለ ሣሩ ነው» እላለሁ። «አንብብልኝ» ይላሉ። አነብላቸዋለሁ።

ማታ የሰፋኋትን ትንሽ ክዳን ሳያት ደነገጥኩ። በቀኝ እጄ ሰፍቼ ዙሩ ወደ ግራ ሄዷል፤ እጄ ፊት ለፊቱ ያለውን የጋሼ አዳነን እጅ ነው የተከተለው።

ትርንጎ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም። ውሸት አልችልበትም።»

«የሚያስፈራኝም እሱ ነው» አለች።

ሰኞ፣ እንደገና ዳባት

ከመኪናው ባልወርድ ይቻል ነበር። ግን ሾፌሩ ተሳፋሪውን ሻይ ለማጠጣት ያቆመው እዚያው በር ላይ ነው። እትዬ በላይነሽ ብርጭቆ እየጠረጉ ጠበቁኝ።

«እህ? ምን አየህ?»

«ትርንጎ ስትሰፋ አይቻለሁ።»

«በየትኛው እጇ?»

«በቀኟ።»

«ዙሩ እኮ የግራኝ ነው» አሉ፤ ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሲያዘጋጁት እንደከረሙ ታወቀኝ።

ክዳኗን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ይቺስ እትዬ?»

አገላበጧት። «ይቺም የግራኝ ናት።»

«እኔ ነኝ የሰፋኋት። ግራኝ አይደለሁም። ከግራኝ ፊት ለፊት ተቀምጦ የተማረ ሰው የግራኙን ዙር ይይዛል።» ወስፌዬን አውጥቼ በቀኝ እጄ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጥቂት ሰፋሁ። ተሳፋሪው ዞሮ አየኝ። ረዳቱ «ወንድሜ፣ ለእኔም አንድ መሶብ አዘዝኩ» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጆሮዬ ጋለ፤ ወስፌውን ግን አልደበቅኩም።

እትዬ በላይነሽ አብረው አልሳቁም። «ግራኙ ማን ነው ታዲያ?»

«እሱን እነሱን ይጠይቁ እትዬ። እኔ የሄድኩት ለአሰፋፉ ነበር።»

ክዳኗን መለሱልኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥተው «የአርቡ ሻይ ሁለት ብር» አሉ።

ጎንደር

ወደ ጎንደር ስንወርድ መንገዱን ሙሉ የተናገርኩትን ስመረምር ነበር። አንድም ውሸት አላገኘሁበትም፤ ሆኖም እኚያን ሴት ላሳስት እንደሞከርኩ አውቃለሁ። ማደሪያ ክፍሌ ገብቼ ቦርሳዬን ሳራግፍ ደስታ አልተሰማኝም። ከጉዞዬ አሰፋፉን ተምሬያለሁ። በጥንቃቄ መርጬ የተናገርኩት እውነት ግን የማንንም ጥርጣሬ አላጠፋም፤ የወይዘሮ ውዴንም፣ የእትዬ በላይነሽንም፣ የራሴንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርንጎ ደወለችልኝ። እትዬ በላይነሽ ሳይጠሩ ደባርቅ መጥተው ሃያውን ስፌት አንድ በአንድ አይተው አመሰገኑ፤ ከዚያ «አንዲት ደግሞ እዚሁ ፊቴ ስፊልኝ» አሏት። ትርንጎ ጀመረች፤ ሣሩ ተሰበረ፤ ወስፌውን አስቀመጠችና «ሌሎቹን አባቴ ነው የሰፋቸው» አለች። ወይዘሮ ውዴ ጓዳ ገቡ። ጋሼ አዳነ መሬት መሬቱን አዩ።

«ይኸን ያህል ሰው ከምታስጨንቂ መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረ?» አሉ እትዬ በላይነሽ። «በይ አሁን የጀመርሽውን ጨርሺ።»

ጾሙን ሙሉ ሰፋች። ሠርጉ በሚያዝያ ሆነ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የሆነውን ግን ዳባትም ደባርቅም ያውቀዋል። የጋሼ አዳነ ስፌቶች በዳሱ ፊት ተደርድረው ሰው ሁሉ ሲያደንቃቸው፣ እትዬ በላይነሽ የትርንጎን ሙዳይ ብቻ አንሥተው ወሰዱ። ጠማማ ናት፤ ክዳኗም አይገጥምም። ባለፈው በዳባት ሳልፍ ሻይ ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር፤ ስኳር አስቀምጠውባት አየሁ።