ማን ላከህ?

ስለ ድሮው የአውሮፓ የጠንቋይ አደንና ማቃጠል በተወራ ቁጥር ሰው ሁሉ ጣቱን ቤተ ክርስቲያን ላይ ይቀስራል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የተስማማበትን መቃወም አመሌ ነው። ከሳሾቹ ላማቸው የነጠፈችባቸው ጎረቤቶች፣ ፈራጆቹም ብዙ ጊዜ የመንደር ዳኞች ነበሩ፤ አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን መርማሪማ ማስረጃ የለም ብሎ ይመልሳቸው ነበር እያልኩ ስንት ራት አበላሽቻለሁ።

አሁን እንደ ድሮው አልከራከርም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ኤድመንተን፣ በመጋዘኖች መካከል ባለ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ለጸሎት የሄድነው እሳቸው ቤት አንድ ክፍል ለተከራየችው ልጅ ብለን ነው። ልጅቷ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ ቀን እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። እኔን ቢጠይቁኝ በሽታው ሺፍቱ ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ፓስተሩ እጁን ግንባሯ ላይ ጫነ። ጮኻ ወደቀች። መንፈሱን ያናግረው ጀመር።

"ማን ላከህ?"

ጎንበስ አለባት።

"በኢየሱስ ስም! ማን ላከህ? ተናገር!"

"የቤቱ ባለቤት" አለች፣ በራሷ ባልሆነ ድምፅ። "አሮጊቷ። በዓይኗ ነው የገባሁት።"

ከፊታችን የነበረች እናት የልጇን ፊት በሻርፕ ሸፍና ወንበር ቀየረች።

"ሰይጣን ውሸታም ነው ሲሉ አልነበር እንዴ ባለፈው?" አሉ አክስቴ በጆሮዬ። "ዛሬ ምስክር አደረጉት?"

"እንውጣ፣ እትዬ።"

"ብወጣ ሸሸች ይላሉ። ወደ ፊት ብሄድ አመነች ይላሉ። የቱን ልምረጥ፣ አንተ የተማርከው?"

"እማማ፣ ይምጡ እንጸልይልዎ" አለ ፓስተሩ በለስላሳ ድምፅ። ሄዱ። እጁን ጫነባቸውና ያንኑ ጠየቀ፤ ማን ላከህ?

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሳቱን ጎረቤትም ዳኛም ሊያነድ ይችላል። ይህን ጥያቄ በእግዚአብሔር ስም ለመጠየቅ ግን ሥልጣን ያስፈልጋል። መልሱ ደግሞ የግድ ሰው ነው፤ ሺፍት፣ ብርድ፣ ድካም ብሎ መመለስ አይቻልም።

አክስቴ ቀና ብለው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩ። አንድ ስም ቢጠሩ ይገላገላሉ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

"ማንም" አሉ።

ደጋግሞ ጠየቃቸው። ማንም፣ ማንም። በመጨረሻ እልኸኛ መንፈስ ነው፣ ብዙ ጾም ይፈልጋል ብሎ ወደ መቀመጫቸው ሸኛቸው።

ልጅቷ ወዲያው ቤት ለቀቀች። ከአዳራሹ ሰዎች ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፋ። ይህን እንኳ ጠብቄው ነበር። የማያስተኛኝ ሌላ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ምሳ አቀረቡልኝና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

"ምነው እትዬ?"

"ብላ አንተ" አሉ፣ ሳይዞሩ። "አላይህም።"