ሠራ ወይስ ፈራ

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቅጽል ስሙ ደግሞ «ጆሮው»። እስቲ አስቡት! ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እንደተቀመጠ፣ ከበር ላይ አንዱ «ጆሮው፣ ይሄን ስትጨርስ እኔ ነኝ» ሲል ቢሰማ ምን ይሰማዋል? አንድ ደንበኛ ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ብድግ ብሎ ሊወጣ ነበር አሉ። «ኧረ ጌታዬ ይቀመጡ፣ ጆሮ ስለሚቆርጥ አይደለም፣ ጆሮ ስላለው ነው!» ብለው እየሳቁ መለሱት።

ጆሮ አለው ሲሉ የድምፅ ነገር ይገባዋል ማለታቸው ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ለፀጉር ዝግ ነው፤ ለወሬና ለሙዚቃ ግን ክፍት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲስት ይመጣል፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ይመጣል፣ አንዳንዴ ሌሎችም ይጨመራሉ፤ ሁሉም ሄድፎኑን በከረጢት ይዞ። ሰው በኳስ ይጣላል፣ በፖለቲካ ይጣላል፤ እነዚህ በሄድፎን ይጣላሉ። የአንዱን ፋብሪካ ስም የነካችሁ እንደሆነ እናታቸውን የሰደባችሁ ነው የሚመስላቸው።

ከሁሉም የሚያስጨቃጭቃቸው የአንድ አሮጌ ፋብሪካ ሄድፎን ነው። ጥቁር ነው፣ ጌጥ የለው፣ መብራት የለው፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ «መነኩሴው» ብለው አወጡለት። መነኩሴው አንገት ይቀጣል። ጆሮ ላይ ተጣብቆ ይጨምቃል፣ ሲያወልቁት አናት ላይ መስመር አስምሮ ይተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ «ስንት ዓይነት ጭንቅላት በእጄ አልፏል፤ ለዚህ ማዳመጫ የተፈጠረ ጭንቅላት ግን እስካሁን አልመጣልኝም» ይላል። ድምፁ ግን አይዋሽም። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ፣ ጊታር ተጫዋቹ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ይሰማል። በደንብ ያልተቀረጸ ዘፈን ካስገባህበት ጉዱን አደባባይ ያወጣዋል እንጂ አያባብልልህም። ልብስ ሰፊው «እኔ መጀመሪያ ይመቸኝ! ሙዚቃ ለመስማት ብዬ ለምን እሰቃያለሁ?» ሲል፣ ጆሮው በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አጥብቦ ያየውና «አንተ ትራስ ግዛና ተኛ» ይለዋል።

ታዲያ አንድ እሁድ ፋርማሲስቱ የዚያን ፋብሪካ አዲስ ሥራ ይዞ ከች አለ። ቀላል ነው፣ የጆሮ ትራሱ ለስላሳ ነው፣ አናት ላይ መኖሩም አይታወቅም። ሁሉም እየተቀባበሉ ሰሙ። ልብስ ሰፊው እንዳደረገው ፊቱ በራ፣ አላወልቅም ብሎ ተለምኖ ነው የሰጠው። ጆሮው እንደ ወጉ መጨረሻ ላይ ተቀበለ፤ ፍርዱ የሚሰጠው በእሱ ነዋ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ቆየ። ከዚያ አወለቀውና «ታፍኗል» አለ።

«እንዴት ታፍኗል?» አለ ፋርማሲስቱ። «ለኔ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ።»

«ትራሱ ሸንግሎህ ነው፣ ዶክተር። ቀጭኑ ድምፅ የት አለ? ብርድ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው። ለምቾት ብለው ድምፁን ሸጡት። በቃ፣ መነኩሴው ቆቡን ጣለ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዲሱ ሄድፎን ስም «ቆቡን የጣለው» ሆኖ ቀረ። ሊገዛ ያሰበው ልብስ ሰፊ ሐሳቡን ቀየረ። እነሱን የሚሰሙ ሌሎች ሰዎችም «ጆሮው ታፍኗል ብሏል» እያሉ ወሬውን አዛመቱት። ፋርማሲስቱ ብቻ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ወደ ከረጢቱ መለሰ።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ጆሮው የራሱን መነኩሴ አደረገ። አፉን ለማጣፈጥ ያህል ነበር። የሚወደው አንድ ዘፈን አለ፤ መሐሉ ላይ፣ ዘፋኟ ዝም ስትል፣ አንዲት ትንሽ ደወል ቅጭል ትላለች። ሰው ሁሉ ሳያስተውላት የሚያልፋት፣ እሱ ግን በጉጉት የሚጠብቃት ደወል ናት። ዘፋኟ ዝም አለች። ጠበቀ። ዘፋኟ ቀጠለች፤ ደወሏ የለችም።

ደግሞ መለሰው። የለችም። ገመዱን ቀየረ፣ መሰኪያውን ጠራረገ፣ በሌላ ቀን ልብስ ሰፊውን አዲስ ትራስ አሰፋው። የአዲሱ በሽታ ወደ አሮጌው ተጋባ እንዴ? ባለቤቱ ከጓዳ «ኧረ ያን ቴሌቪዥን ቀንሰው፣ ጎረቤት ምን ይለናል!» ስትል፣ እሱ ደግሞ «አንቺም እያጉረመረምሽ አታውሪ» ሲላት ሰነበቱ። የፀጉር ቶንዶሱ እንኳ ድሮ የሚያወጣትን ስል ድምፅ ትቶ ዝም ብሎ የሚያንጎራጉር ሆኖበታል፤ ዘይት ቢያጠጣው ያው ነው።

ልቡ ግን ያውቅ ነበር። ሰው ከራሱ ጋር እንዲህ ድብብቆሽ ሲጫወት ማየት ያሳዝናል፤ ያናድዳልም! ፈርቶ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጆሮ የሌለው ጆሮው ምን ይባላል? እሁድ እሁድ ማን አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል? ስለዚህ በገዛ ጆሮው ላይ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ነገሩ በእሱ ብቻ ቢቀር ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር? ችግሩ ሴት ልጁ ናት። ቢሮ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ድምፅዋ ደግሞ ስልክ ደዋዩን ሁሉ የደወለበትን ጉዳይ የሚያስረሳ ነው። መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ ድርጅት ተራኪ ይፈልግ ነበርና ተፈትና ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ተርታ ደረሰች። የቀራት አንድ ገጽ አንብባ ቀርጻ ሰኞ መላክ ብቻ ነው። ካለፈች ከዚያ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ትነሳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ይሄንኑ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ የተሰቀሉት ልብሶች መሐል ጭንቅላቷን አስገብታ ቀረጸች፤ እዚያ ድምፅ አያስተጋባም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ አባቷ ጋ መጣች።

«አባዬ፣ አንተ ሳትሰማው አልልክም። በአንተ ጆሮ ካለፈ የትም ያልፋል።»

መነኩሴውን አደረገ። ድምፅዋ መጣ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ አቆመው።

«ምን አስፈራው?» አላት።

«ማንን?»

«አባትየውን። ‹አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፈራ› ነው እኮ የምትይው።»

ሳቀች። «ኧረ አባዬ! ‹ሠራ› ነው ያልኩት። ‹አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ።›»

ደግሞ ሰማው። ፈራ። አሁንም ፈራ። እዚህ ጋ ነበር መናገር የነበረበት፤ ከእሷና ከእሱ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ምን አለ? «እንግዲያው ‹ስ› አልወጣልሽም። አፍነሽዋል። ጥርስሽን ገጠም አድርጊና ጫን በይው።»

«ለኔ ግን ደህና ነው የሚመስለኝ...»

«መነኩሴው አይዋሽም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ተመልሳ ከልብሶቹ መሐል ገባች። ደጋግማ ቀረጸች፤ እሱ «ገና ነው፣ ጫን በይው» እያለ ደጋግሞ መለሳት። ጉሮሮዋ ደረቀ። በመጨረሻ ‹ስ›ዋን ሁሉ ጥርሷ ላይ ስታፏጨው «አሁን መጣ!» አለ ደስ ብሎት። እሷ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ግን የአባቷን ጆሮ ከራሷ ጆሮ አስበልጣ አምና ነው ያደገችው።

በማግስቱ እሁድ፣ ባለቤቱ የላከችለትን መክሰስ ይዛ ልጅቷ ሱቁ ድረስ መጣች። ፋርማሲስቱ የፈተናውን ነገር ሰምቶ ኖሮ «እስቲ አሰሚን እንጂ!» አላትና ቆቡን የጣለውን ከከረጢቱ አወጣ። ስልኳ ላይ ሁለቱም ቀረጻ ነበር። የተስተካከለውን ከፈተችለት።

ፋርማሲስቱ ገና ከመጀመሩ ፊቱን አጨማዶ ማዳመጫውን ከጆሮው ገለል አደረገ። «ምነው ልጄ? ጎማ ሲተነፍስ ነው እኮ የሚመስለው! ‹ስ› ባልሽ ቁጥር ጆሮ ይወጋል።»

ልብስ ሰፊውም ተቀብሎ ሰማና «እባብ ነው፣ እባብ» አለ።

«የመጀመሪያውንስ ይስሙት፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። ከፈተችለት። ፋርማሲስቱ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ላላ። «ይሄ ነው! በዚህ ላይ ምን ይጨመራል?»

«አባዬ ግን ታፍኗል አለኝ።»

ሁሉም ወደ ጆሮው ዞሩ። ይሄኔ ልብስ ሰፊው፣ መቼም ሰው ጭንቅ ላይ ሲሆን ማየት አይወድም፣ ጭኑን መታ አድርጎ «በምን ሰማነው ታዲያ? በቆቡን የጣለው! ይሄን ሄድፎን ማን ያምነዋል? ጆሮው ገና ድሮ ነግሮናል እኮ!» አለ።

ፋርማሲስቱ ማዳመጫውን አገላብጦ አየው። ደግ ሰው ነው፤ በራሱ ተጠራጠረ። «እውነትም... የኔ ዕቃ ይሆናል ምናልባት።»

አያችሁት? በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ጭንቅላቱን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ባህር ማዶ ያለ፣ ስለዚህች ሱቅ ሰምቶ የማያውቅ ፋብሪካ ጥፋቱን ይሸከምለታል፤ ማን ይጎዳል?

ልጅቷ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች «በቃ፣ አባዬ ያለውን እልካለሁ» አለች።

«አትላኪው!» አለ ጆሮው።

ማበጠሪያውን በእጁ ይዞ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። «የመጀመሪያውን ላኪ። ፋብሪካው ምንም አላጠፋም። ያለ ኃጢአቱ ነው ያማሁት። መነኩሴው ቆቡን አልጣለም፤ እኔን ነው ጆሮዬ የጣለኝ። ትናንትም አውቄዋለሁ። ‹ሠራ› ስትይ ‹ፈራ› ነው የሚሰማኝ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።»

ፋርማሲስቱ ማዳመጫውን አስቀምጦ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ፋርማሲስቱ በቀስታ፣ ከዚያ አስታወሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«አንዲት ደወል ከጠፋችብኝ ጀምሮ።»

«ነገ የጆሮ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። እምቢ አትበለኝ።»

እምቢ አላለም። ልብስ ሰፊው ምን እንደሚል ጨነቀውና «እና አሁን ምን ብለን ልንጠራህ ነው?» አለ።

«ጆሮው በሉኝ እንጂ» አለ። «ቀልዱ ገና አሁን ነው ያማረው።» ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፣ ያንንም አልደበቀም።

አባትና ልጅ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ብዙ መንገድ ቀድማው ተራመደች። ተቀይማለች፤ ደግሞስ ለምን አትቀየም? ትናንት ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ያለፋት ለምን ነበር? «ይቅር በይኝ» አላት። እርምጃዋን አልቀነሰችም። የእግረኛ መንገዱ ጠበብ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ግን ክንዱን ያዘችና አንድ ነገር ተናገረች። የሚያልፍ አውቶቡስ ድምፅዋን ዋጠው።

«ምን አልሽ?»

«‹አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ› ነው ያልኩት...» መጨረሻዋን ቃል ሳተ።

ቆመ። «ሠራህ ነው ወይስ ፈራህ?»

ልጅቷም ቆመች። ፊቷን ወደ እሱ አዞረችና፣ ሳትጫነው፣ ሳታፏጨው፣ እንዳመጣላት ደገመችው። ጆሮው በዚያ ጊዜ ከንፈሯን አየ። ‹ፈ› ሲሉ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። የእሷ ጥርስ ከንፈሯን አልነካም።

«ሠራህ» አለ።

«አዎ» አለች።

«ሌላውም ውሸት አይደለም» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው፤ ክንዱን እንደያዘች ወደ ቤታቸው ታጠፉ።